መቼ ተጠየቀ? ማን ተጠየቀ?
በምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



የተሰጠኝ ርዕስ «የጥናት ጽሑፎች ዳሰሳ አጻጻፍ» ነው። ርዕሱ እንዳይደርቅብን ሁላችን የምናውቃትን ቦታ ልጥራ፤ እንጦጦ ማርያም።

አንድ ተማሪ «ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን የኤችአይቪ መድኃኒት ያቋርጣሉ ወይ?» ብሎ ዳሰሳ ሊጽፍ ነው እንበል። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ረቂቅ «እከሌ እንዲህ አለ፣ እከሊት እንዲህ አለች» እያለ ይወርዳል። ይሄ ዝርዝር ነው። ዳሰሳ ግን ጥናቶቹ ለምን እንዳልተስማሙ ይጠይቃል።

መጀመሪያ፣ መረጃው መቼ ተሰበሰበ? መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በክፍያ ስለነበር አብዛኛው ሕመምተኛ የሚያቋርጠው መድኃኒት በእጁ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተማሩ። እነዚህን ዘመናት አንድ ላይ የጨፈለቀ ዳሰሳ የትኛውንም ዘመን አያሳይም።

ሁለተኛ፣ ማን ተጠየቀ? በቀጠሮው ቀን ክሊኒክ የተገኘውን ብቻ የጠየቀ ጥናት ያቋረጡትን አያገኛቸውም። ጸበል ቦታ ብቻ የጠየቀም ወደ ቤታቸው የተመለሱትን አያገኝም።

ሦስተኛ፣ እንዴት ተፈለገ? «ጸበል» በላቲን ፊደል ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አለው። የእኛን ስም አንዱ መዝገብ በራስ ስም፣ ሌላው በአባት ስም ያስቀምጠዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ዓመት የእኛ ይሁን የፈረንጅ ካልተጣራ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል፤ በዚህ ርዕስ ደግሞ ያ ከአንድ ዘመን ወደ ሌላው መዝለል ነው። ስለዚህ የፈለግንበትን ቃልና ቀን፣ የጣልነውን ጽሑፍና ምክንያቱን እንጻፍ።

ይሄ ሁሉ ለምን? ዳሰሳ ውሎ አድሮ መመሪያ ሆኖ ክሊኒክ ይገባል። «ጸበል የሚሄድ መድኃኒት ያቋርጣል» የሚል ያልተጣራ ድምዳሜ ያነበበ ሐኪም ታካሚዋን ይቆጣል። እሷም በሚቀጥለው ቀጠሮ ጸበል መሄዷን ትደብቃለች። ያኔ መድኃኒቱን ብታቋርጥም አትነግረንም።

ጓደኞቼ፣ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ያልታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ ለቤተ መጻሕፍቱ እናምጣው። መምህሮቻችንም «ስንት ጽሑፍ ጠቀስክ?» ከማለታችሁ በፊት «ጥያቄህ ምንድን ነው?» በሉልን።