እረኛው ያየው፣ መዝገቡ የካደው ተኩላ

(አንድ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር በቅርቡ በአዲስ አበባ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ እዚህ የቆምኩት ዕዳ ለመክፈል ነው። ዕዳዬም የአንድ ልጅ ሁለት ማርክ ነው። «ለሁለት ማርክ ብሎ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰበው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አስተምር ነበር። በአንድ ፈተና ላይ በደጋው አገራችን የሚኖሩ የውሻ ዘመድ አራዊትን እንዲጠቅሱ ተማሪዎቼን ጠየቅሁ። ከመንዝ የመጣ አንድ ልጅ «ቀይ ቀበሮ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ «ተኩላ» ብሎ አከለ። እኔም ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ ኤክስ አደረግሁበት። አማርኛችን «ተኩላ» የሚለውን ስም ለቆላው ዝንጉርጉር የዱር ውሻም ይሰጣል፤ ልጁ ግን ያንን አላለም። እርሱ ያለው በጓሳ ሣር ውስጥ አድፍጦ በግ የሚወስደውን ነው።

ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ እኔ እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባቴም ያውቀዋል።»

«ያየኸው ተራ ቀበሮ ነው። መጽሐፉ ደጋው ላይ ተኩላ አለ አይልም» አልኩት።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ እኛ አገር መጥቶ ያውቃል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ተቆጣሁ። መልስ ያጣ መምህር ምን ያደርጋል? ይቆጣል! ልጁን «ቁጭ በል» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

በኋላ እንደሰማሁት አባትየው ሦስት በግ ተበልቶባቸው ለአቤቱታ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ነበር። የተሰጣቸው መልስ «በእኛ መዝገብ ተኩላ የሚባል አውሬ የለም» የሚል ነው። ሽማግሌውም «እሺ ጌታዬ፣ እንግዲያው መዝገባችሁ በጎቼን ይመልስልኝ» ብለው ወጡ አሉ። አባት በቢሮ፣ ልጅ በክፍል፣ ሁለቱም «አላያችሁም» ተብለው ተመለሱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እ.ኤ.አ. በ2011 የአዲስ አበባ፣ የኦስሎና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ከተመራማሪዎቹም መካከል ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለና ዶክተር አናጋው አጥቅም ይገኙበታል። ከኢትዮጵያ ደጋ የተሰበሰበውን የ«ተራ ቀበሮ» ናሙና በዲ.ኤን.ኤ. ሲመረምሩት ዘሩ ከእስያና ከአውሮፓው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አልገጥም አለ። ያደረው ከተኩላ ወገን ነው! ያ ተኩላ ደግሞ ይታወቅ የነበረው በግብፅ ብቻ ሲሆን፣ የኛው ደጋ ከዚያ ቢያንስ 2,500 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

በዓመቱ በ2012 ሌሎች ተመራማሪዎች ይኸው ዘር በአልጄሪያ፣ በማሊና በሴኔጋልም እንዳለ አሳዩ። በ2015 የወጣው ሰፊ የዘረ መል ጥናት ደግሞ የአፍሪካውና የእስያው ከተለያዩ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ መሆኑን ገለጠ። በ2019 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የውሻ ዘመዶች ባለሙያዎች ፖርቱጋል ላይ ተሰብስበው «የአፍሪካ ተኩላ» የሚለው ስም እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀረቡ። እንግዲህ ቁጠሩት። እኔ ኤክስ ካደረግሁበት ቀን አንሥቶ ሃያ ዓመት ያህል አልፎ ነው ዓለም የመንዙን ልጅ መልስ «ትክክል» ያለው።

ኧረ ለመሆኑ ቀድሞ የተናገረ ሰው አልነበረም? ነበረ እንጂ! ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የግብፅ ተኩሎች ከቀበሮ እምብዛም እንደማይበልጡ ጽፏል። ግሪኮች የላይኛው ግብፅን ከተማ አሥዩጥን «የተኩላ ከተማ» ብለው ይጠሯት ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃክስሊ በ1880 የግብፁ «ቀበሮ» የራስ ቅል ከሕንድ ተኩላ ጋር እንደሚመሳሰል አስተውሏል። በ1981ም ፈርጉሰን የሚባል ተመራማሪ ቅሎቹን ለክቶ «ይህ ትንሽ ተኩላ ነው» ብሏል። ግን መዝገብ አንዴ «የለም» ካለ፣ «አለ» የሚለው ሰው የሚደርስበትን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ቀይ ቀበሮአችንም ያው ነው። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ19ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን ተራሮች ወስዶ ለዓለም ካስተዋወቀው በኋላ ፈረንጆቹ «የሰሜን ቀበሮ» ሲሉት ኖሩ። በ1994 የታተመው የዲ.ኤን.ኤ. ጥናት ግን የተኩላ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አረጋገጠ። «ቀይ ቀበሮ» ያልነው ተኩላ፣ «ተራ ቀበሮ» ያልነውም ተኩላ! የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ሲባል ሰምተናል፤ የቀበሮ ለምድ አልብሰን ያኖርነው ግን እኛው ነን።

«ታዲያ ስሙ ቢለወጥ ለገበሬው ምን ይፈይድለታል?» ትሉኝ ይሆናል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በባሌ፣ በአርሲ፣ በሰሜን፣ በወሎና በመንዝ ጓሳ ተራርቀው የቀሩት አዋቂዎቹ ተደምረው 500 አይሞሉም። ምግቡም በአብዛኛው የደጋ አይጥና ፍልፈል ነው፤ በግ የሚደፍረው አልፎ አልፎ ነው። ያኛው ተኩላ ግን በጉንም ግልገሉንም ይወስዳል፤ ቁጥሩም ብዙ ነው። ሁለቱም «ቀበሮ» ተብለው ሲጠሩና በጭጋግ ውስጥ አንዱ ሲታይ፣ ሌላው የበላውን በግ ዕዳ ማን ይከፍላል? አይጥ ሲያሳድድ የዋለው ምስኪን ቀይ ቀበሮ! የመዝገብ ስሕተት እንዲህ ነፍስ ያጠፋል።

ስለዚህ ለይተን እንወቅ። ቀዩ ደማቅ ቀይ ቡኒ ነው፤ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ አለው፤ እግሩ ረጅም፣ አፈ ሙዙ ቀጭን ነው። ሌላው አመድማ ወይም አሸዋ መሳይ ሆኖ ጀርባው ላይ ጥቁር ፀጉር የተቀላቀለበት ነው። እረኛ ይህን ከእኔ ሊማር አያስፈልገውም፤ መማር ያለብን እኛ ነን። የመንዝ ሕዝብ እኮ የጓሳን ሣር በራሱ ባህላዊ ሕግ ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቅ የኖረ ነው። ያንን ምድር ከእርሱ በላይ አውቃለሁ የሚል ማነው?

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። «አየሁ» ያለ ሁሉ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ጨለማ ያታልላል፤ ውሻም ከሩቅ ተኩላ ይመስላል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ «አየሁ» ያለውን ሰው «የት? መቼ? ስንት ነበሩ? መልኩስ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ «መዝገብ ላይ የለም» ብሎ መመለስ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሳይንስ ነው። ሁለተኛው ስንፍና ነው። ዛሬ በየገጠሩ ስልክ አለ፤ ፎቶ ይነሣ፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍ። የሞተ አውሬ የተገኘ እንደሆነ ግን በባዶ እጅ አይነካ፤ የእብድ ውሻ በሽታ አለና። በባሌ ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው፤ የሚመጣውም ከኛው ውሾች ነው። ውሾቻችንን ብናስከትብ ለራሳችንም ለእርሱም ይተርፋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። የመንዙ ባለቤት ግን ጮኾ ነበር። ያልሰማነው እኛ ነን፤ መጽሐፍ ይዘን ጆሯችንን የደፈንን እኔና መሰሎቼ።

ያንን ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። የልጆች አባት ሆኖ ይሆናል። ይህን ንግግር ሰምቶ ወይም አንብቦ ራሱን ካወቀ፣ ቲቸርህ በአደባባይ እንዲህ ይልሃል፦ ትክክል ነበርክ። ሁለት ማርክህን መልሼልሃለሁ። የአባትህን ሦስት በጎች ግን ማን እንደሚመልስ እኔም አልደረስኩበትም።