በጤና ቀን የሚኬድበት ሐኪም ቤት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ጎሕ ሲቀድ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ የሰው አይደለም። አውራ ዶሮው ከቆጡ ላይ ሆኖ ይጮኻል፤ ሌሊቱን ግቢውን ሲዞር ያደረው ውሻ ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል፤ ድመቷም የማድ ቤቱን ደጃፍ ይዛ እሳት እስኪነድ ትጠብቃለች። የቤቱ እመቤት ለዶሮዎቹ እፍኝ ጥሬ ትበትናለች፤ ለውሻው የማታውን ትርፍራፊ ታቀርባለች፤ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ አንገቱን ደባብሰውት ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ በየዕለቱ የሚፈጸም በመሆኑ ማንም ልብ አይለውም። እንስሳው ልብ የሚባለው አንድ ቀን ጥሬውን ሳይለቅም፣ ትርፍራፊውን ሳይነካ፣ ሲጠሩትም ሳይነሣ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ሐኪም ቤት የሚታሰበውም ያን ጊዜ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ያ ቀን የዘገየ ቀን መሆኑን ማሳየት ነው።

በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ፊቱን ወደ ቀንድ ከብት ማዞሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በዘለቀውና ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ በሚጠራው ዘመን፣ የደስታ በሽታ የአገሪቱን አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ፤ በሬው ሲያልቅ ማሳው ጦም አደረ፤ ረኀቡም ተከተለ። ይህ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አባላቱ ጠንቅቀው እንደሚያውቁት ደስታ የተሸነፈው የታመመውን በሬ በመፈወስ አይደለም፤ የሚፈውስ መድኃኒት አልነበረውምና። የተሸነፈው ጤነኛውን በመከተብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአፋር በረሓ፣ ሙቀትን የሚቋቋመው ክትባት ከአርብቶ አደሩ መካከል በሠለጠኑ ሰዎች እጅ ከመንጋው ዘንድ ደረሰ፤ በሽታው መሸሸጊያ ያጣውም በዚህ ዓይነት ጥረት ነው። እንግዲህ ለበሬ የበጀው ይህ ጥበብ ለግቢ ውሻና ለጓሮ ዶሮ የማይበጅበት ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ የተለመደው የሐኪም ቤት ጉብኝት ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ውሻው ከቡችላነቱ ጀምሮ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። በታመመ ቀን በገመድ ታስሮ፣ እየተጎተተ፣ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ይቀርባል። ይዞት የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ዘበኛው ወይም ከልጆቹ አንዱ ነው። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ታመመ? ምን በላ? ተከትቦ ያውቃል?» ሲል ይጠይቃል፤ መልሱም «እኔ እንጃ፤ አድርሰው ተብዬ ነው» የሚል ይሆናል። እንስሳው አፍ የለውም፤ ያመጣውም ሰው የሚናገረው የለውም። በአንጻሩ በጤናው ቀን የመጣ ውሻ ክብደቱ ይመዘናል፣ ሙቀቱ ይለካል፣ ጥርሱና ጆሮው ይታያል፣ ክትባቱን ይወስዳል፤ የሰው እጅም ይለምዳል። ወደፊት ቢታመም የጤናው ልክ በካርዱ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ በሽታውን ለመለየት አያስቸግርም።

ከጉብኝቱ የሚገኘው ጥቅም ግን መርፌ ብቻ አይደለም፤ ምክርም ነው። ብዙ እንስሳት የሚጎዱት በጭካኔ ሳይሆን በደግነት ነውና። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል፤ ስለዚህ በሽንኩርት የተቁላላ ወጥ ለሰው ማዕድ እንጂ ለእነርሱ ቀለብ አይሆንም። በበዓል ማግስት ለውሻ የሚጣለው የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር እየተሰበረ ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል። ትኩሳት ይዟታል ተብሎ ለድመት የሚሰጥ አንድ የፓራሲታሞል ፍሬ ሊገድላት ይችላል። ለአይጥ የተቀመጠው መርዝም አይጧን በበላችው ድመት ላይ ይዞር ይሆናል። እነዚህን ነገሮች ለመናገር መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ባለቤቱ በጊዜ መምጣቱና ሐኪሙ ለመናገር ጥቂት ደቂቃ መስጠቱ ነው።

ስለ ዶሮዎቹም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ፈንግል የገባበት ጓሮ ጧት በጤና የዋሉ ዶሮዎች በጥቂት ቀን ውስጥ የሚያልቁበት ጓሮ ነው። ዶሮዋ ትተክዛለች፤ አፏን ከፍታ ታቃስታለች፤ አረንጓዴ ትቀዝናለች፤ ከሞት የተረፈችውም አንገቷ ተጠምዝዞ ይቀራል። በሽታው ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም። ባለቤቲቱም ከነጭራሹ ከማጣት ብላ የቀሩትን ወደ ገበያ ስትወስድ፣ በሽታውን ከአንድ ጓሮ ወደ ብዙ ጓሮ ታሻግረዋለች። እርሷን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ዕንቁላሉ የደብተር መግዣ፣ ቄቧም የበዓል ተስፋ የሆነችባት ሴት ሌላ መንገድ ካላሳዩዋት ከዚህ የተለየ ልታደርግ አትችልም። መንገዱም አለ፤ በዓይን የሚንጠባጠብ ክትባት በጊዜው ማስከተብ፣ ከገበያ የመጣችውንም ዶሮ ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ማቆየት ነው።

ከሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አንድ ውሻ ድንገት መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ መዋጥም ይሳነዋል። የሚወደው ጌታው «አጥንት አንቆት ይሆናል» ብሎ እጁን ከአፉ ውስጥ ይከታል። በዚህች ቅጽበት የሚተላለፈው በሽታ፣ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ፣ ፈጽሞ ሊባል በሚችል ሁኔታ የሚገድል ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ለሰው የሚተላለፈውም ከመቶው 99 እጅ በውሻ አማካይነት ነው። ከተነከሱት መካከል ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ ጧት አንገቱን ደባብሰው የሚሄዱት እነርሱ ናቸውና።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የመከላከያውን ክትባት መጀመር አለበት። ጤነኛ የሚመስለው ውሻ ተይዞ ለ10 ቀን ይጠበቃል እንጂ በችኮላ ተገድሎ አይጣልም፤ ሰውዬው ግን የውሻውን መጨረሻ እስኪያይ ሕክምናውን አያዘገይም። ይህ ሁሉ ሆኖ መፍትሔው ያለው ከውሻው ዘንድ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው 70 እጅ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ አንድ ጎረቤት ውሻውን ማስከተቡ ለራሱ ንብረት የሚያደርገው ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚከፍለው ዕዳ ነው።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ምክር በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሲነበብ ኖሯል። ለእንስሳትም እንዲሠራ የባለሙያው ድርሻ ቀላል አይደለም። ባለቤቱ ዘግይቶ በመጣ ቀን የሚቀበለው ቁጣ ከሆነ፣ ሁለተኛ ጊዜ ጭራሹኑ አይመጣም። ዋጋው አስቀድሞ በግልጽ ካልተነገረው ፈርቶ ይቀራል። የክትባቱ ካርድ የሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው። ውሻውን ይዞ የመጣው ልጅ ግን በደንብ ከተነገረው፣ ቤቱ ሲገባ ለእናቱ ስለ ሽንኩርቱም፣ ስለ አጥንቱም፣ ስለ ዶሮዎቹም ያስተምራል።

ሐኪሙ ሥራውን በሚገባ የሠራ እንደ ሆነ በግቢው ውስጥ የሚታይ አዲስ ነገር አይኖርም። አውራ ዶሮው እንደ ትናንቱ ይጮኻል፤ ውሻው ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል፤ ልጆቹም አንገቱን ደባብሰውት፣ ያለ ስጋት፣ ወደ ትምህርት ቤታቸው ይሄዳሉ።