በሁለት ጉባኤዎች መካከል የሚያድግ ሥልጣን
(በባቱ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መቂና ቀታር ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ቡልቡላ ከሐይቁ ይወጣል። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚለካ ከሌለ፣ የውኃው መጉደል የሚታወቀው ዳርቻው ከሸሸ በኋላ ነው። የአስፈጻሚው አካል ሥልጣንም የሚያድገው ተቆጣጣሪው በቦታው በማይገኝበት ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ ፕሬዚዳንታዊ አስተዳደር የተመሠረተው በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነበር። ሰነዱን ላይ ላዩን ላነበበ ሰው የበላዩ ብሔራዊ ሸንጎ ነው፤ ፕሬዚዳንቱንም የሚመርጠው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከ800 በላይ አባላት የነበሩት ይህ ሸንጎ መደበኛ ጉባኤ የሚያደርገው በዓመት አንድ ጊዜ ነበር። በቀረው ጊዜ ተክቶት የሚሠራው የመንግሥት ምክር ቤት ሲሆን፣ የምክር ቤቱም መሪ ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነትና የኢሠፓ ዋና ጸሐፊነትም በዚያው ሰው እጅ ነበሩ። አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ሸንጎው ሳይሰበሰብ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጭምር መሾምና መሻር ይችል ነበር። ሸንጎው ኋላ ተሰብስቦ ያጸድቃል። ይህ ድልድዩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ንድፉ ይጽደቅ እንደ ማለት ነው።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ይፋ የሆነው በሸንጎው አዳራሽ ሳይሆን ፕሬዚዳንቱ ለፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ባሰሙት ንግግር ነበር። ገበሬውም ዝርዝር ሕግ አልጠበቀም፤ በየቦታው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን አፍርሶ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈለ። ውሳኔው እፎይታ መሆኑ አይካድም። ግን ቀድሞ ወደ ማኅበር ያስገባውም በዚያው መንገድ፣ ከላይ የወረደ መመሪያ ነበር።

ፕሬዚዳንታዊ አስተዳደር ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። በ1944 ዓ.ም. የዩናይትድ ስቴትሱ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በኮሪያ ጦርነት ምክንያት መንግሥት የብረት ፋብሪካዎችን እንዲረከብ ቢያዝዙ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ወር ሳይሞላ ትእዛዙን ሻረው፤ ፋብሪካዎቹም ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። በዚያ የሚለካ ሰው በቦታው ነበር።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የአስፈጻሚነቱን ሥልጣን ከፕሬዚዳንቱ ወስዶ ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰጠ። የሚያስገርመው፣ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም የሚለው ገደብ ሥልጣኑ በተወሰደበት በፕሬዚዳንቱ ላይ ተጽፎ፣ ሥልጣኑ በሄደለት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ አለመጻፉ ነው። ስለ ጉባኤዎቹ ክፍተት ግን አንቀጽ 93 ቀን ቆርጧል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል።