ረጃጅሞቹ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሦች

(የመለያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ቃላችን «አንፎርቹነትሊ» ነው። አፈጣጠሩን ከሥሩ እንጀምር። «ፎርቹን» ዕድል የሚል ስም ነው። ከእሱ «ፎርቹነት»፣ ዕድለኛ የሚለው ቅጽል ይወጣል። ከፊት «አን» ሲገባ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ከኋላ «ሊ» ሲጨመር ተውሳከ ግሥ ይሆናል።

አሁን ቀለሞቹን እንቁጠር። አንድ ቀለም የሚቆመው በአንድ አናባቢ ድምፅ ነው። አን፣ ፎር፣ ቹ፣ ነት፣ ሊ። 5 ሆኑ። ድምፃችን ጠንከር የሚለው «ፎር» ላይ ነው።

(አጭር ድምፅ)

«ሊ» ግን ሁልጊዜ ቀለም አይጨምርም። «ኢንኮምፕሪሄንሲብል»፣ ለመረዳት የማይቻል የሚለው ቅጽል፣ 6 ቀለሞች አሉት። ተውሳከ ግሡ «ኢንኮምፕሪሄንሲብሊ»ም ያው 6 ነው፤ መጨረሻው «ብል» በ«ብሊ» ተተካ እንጂ አልረዘመም።

«ቤሲክ» ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በ«አይ» እና «ሲ» ፊደላት የሚያልቁ ቅጽሎች ሲጻፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ«ሊ» በፊት «አል» ያስገባሉ። ስለዚህ «ቤሲካሊ» በጽሑፍ 4 ቀለም ይመስላል። ሲነገር ግን «ቤ፣ ሲክ፣ ሊ» ተብሎ በ3 ያልቃል። «ፐብሊክሊ» ከዚህ የአጻጻፍ ደንብ ያፈነገጠ ነው፤ «አል» አይገባበትም።

እንግዲህ ረጅም ቃል ሲገጥማችሁ መጀመሪያ «ሊ»ን ከኋላው አንሡና ቅጽሉን ብቻውን ጥሩት። የቅጽሉ ጠንካራ ቀለም «ሊ» ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን አይለቅም። ሳምንት በሌላ ቃል እንገናኝ።

(ሙዚቃ)