ጥርኝ አርቢው ራሱን ሲቆጣጠር፦ በመዝገብ የማይታየው ሞት



እዚህ ንፋስ ስልክ ላፍቶ መጥቼ እንድናገር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ ለፀጉራም ቆዳቸው በሚረቡ እንስሳት ዘንድ አርቢው ራሱ የሚያካሂደው የደኅንነት ቁጥጥር ነው። አገራችን የሚንክ እርባታ አታውቅም። ጥርኝ ግን አለን። ከጅማ፣ ከኢሉባቦርና ከከፋ የሚመጣው ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ ለሽቶ ቀማሚዎች ሲላክ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ዝባድ ጥርኙ ክልሉን ለመሰሎቹ የሚያስታውቅበት ቅባት ነው። ሌሊት ለብቻው የሚንቀሳቀሰው ይህ አውሬ መዞር እንኳ በማያስችል የእንጨት ማጎሪያ ይያዛል፤ አርቢውም በ10 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን አስይዞ ዝባዱን በማንኪያ ይጠርጋል። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ሙቀት ዝባድ ያበዛል ስለሚባልም እሳት ይነድበታል።

አርቢውን ጨካኝ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ገንፎውን፣ ሥጋውን፣ እንቁላሉንና ወተቱን ያቀርባል፤ ይህም ብዙ የገበሬ ቤተሰብ ዘወትር የማያገኘው ምግብ ነው። ችግሩ ያለው መለኪያው ላይ ነው። አርቢው የእንስሳውን ሁኔታ የሚገምተው በዝባዱ መጠን ከሆነ፣ ጭሱና ሙቀቱ እንስሳውን እየጎዱ እንኳ ሁሉ ነገር ደኅና ይመስለዋል።

የአውሮፓ ፀጉር አርቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ዌልፈር የተባለ የምዘና ሥርዓት ጀምሯል። መኖን፣ መኖሪያን፣ ጤናንና ባሕርይን ይመዝናል፤ ለምስክር ወረቀትም በተለያዩ ወቅቶች ሦስት ጉብኝት ይጠይቃል። ተቺዎቹ «ሥርዓቱ ሽቦ ማጎሪያውን እንደ ተፈቀደ ቆጥሮ ይነሣል» ይላሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ያም ሆኖ ሚንክ የሚወለደው በእርባታው ውስጥ ስለሆነ ሞቱ በአርቢው ሒሳብ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይታያል። ጥርኝ ግን በማጎሪያ ውስጥ እምብዛም አይራባም፤ ከጫካ በወጥመድ ይያዛል። ብዙዎቹም በተያዙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ። እስቲ 10 ማጎሪያ ያለውን አርቢ እናስብ። በዓመቱ መጀመሪያ 10 ጥርኝ፣ በዓመቱ መጨረሻም 10 ጥርኝ አለው። በመካከሉ 6 ሞተው በሌሎች ቢተኩ ቆጠራው ይህን አያሳይም፤ ተቆጣጣሪም ቢመጣ የሚያየው በዕለቱ በሕይወት ያሉትን ብቻ ነው።

ስለዚህ የአርቢው መዝገብ ለእያንዳንዱ ጥርኝ አንድ መስመር ይኑረው፦ የተያዘበት ቀንና ቦታ፣ በወጥመድ ወይም በማንኪያ የደረሰበት ቁስል፣ ከማጎሪያው የወጣበት ቀንና ምክንያት። ማንበብና መጻፍ ለማይችል አርቢ በእንጨት ላይ የሚቆረጥ ምልክትም ይበቃል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ቅጣቱ ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ወዲህም ቢሆን፣ ሞትን የመዘገበ አርቢ ፈቃዱን የሚያጣ ከሆነ ሞትን የሚመዘግብ አይገኝም። በእኔ አስተያየት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅጣቱ በሞቱ ላይ ሳይሆን በመዝገቡ ክፍተት ላይ ቢያርፍ ይሻላል። ይህ ለጊዜው አንዳንድ በዳዮችን ያለ ቅጣት እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ፤ የሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼም በዚህ ነጥብ እንደሚሞግቱኝ እጠብቃለሁ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።