ስለ በርሜሉ



በአባላችን ጓሮ በከፈትነው የእንጨት ሥራ ቤት መጋዙ በተነሣ ቁጥር ሳላችን ይነሣ ነበር። የእንጨት አቧራ ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 አሳውቋል። ስለዚህ አቧራ መለያ ለመሥራት ወሰንን። አየሩ በሾጣጣው ውስጥ ሲሽከረከር ሰጋቱራው ከሥር ወዳለው በርሜል ይወርዳል፤ አየሩ በላይ በኩል ወደ መምጠጫው ያልፋል።

ያስቸገረን በርሜሉ ነው። እኛ የሒሳብ ክፍሎች ርካሹን መረጥን። ስስ ፕላስቲክ ስለነበረ ቱቦው ሲደፈን ወደ ውስጥ ተጨማደደ። ሁለተኛው በነፃ የተሰጠን ነው፤ ጠጋ ብለን ስናየው የፀረ ተባይ መያዣ ሆኖ ተገኘ፤ መለስነው። የነዳጅ በርሜልም አልደፈርንም፤ ውስጡ የቀረው ትነት ብየዳ ሲነካው ይፈነዳል።

በመጨረሻ የምግብ ዘይት የነበረበት፣ ክዳኑ በቀለበት የሚጠብቅ ወፍራም የብረት በርሜል ከደሴ አስመጣን። ክዳኑ ሥር ጎማ አደረግንበት፤ አየር ካስገባ የወረደው አቧራ ተመልሶ ይነሣልና። ደቃቁ አሁንም ስለሚያመልጥ ማስካችሁን አታውልቁ።

የመጀመሪያው በርሜል በመዝገባችን ኪሳራ ተብሎ ተጽፏል። ከእንግዲህ ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት ምን እንደነበረበት እንጠይቅ።