ስለ ካራቫን ፓርክና ስለ ተነቃይ ቤቶች ለአባላት የተደረገ ንግግር

(ብላክታውን፣ ሲድኒ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ ከመካከላችን አንዳንዶች ተነሥተው «የእድሩ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ምን ይሠራል፤ ሴንትራል ኮስት ሄደን ካራቫን ፓርክ ውስጥ አንድ ሁለት ተነቃይ ቤት ገዝተን እናከራይ» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በጭብጨባ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። እኛ የኮሚቴው አባላት ግን ጊዜ ይሰጠን ብለን ለመንን። ከዚያም ሄደን አየን፤ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅን።

ቤቶቹ መልካም ናቸው፤ ይህን አንክድም። ሁለት መኝታ ቤት፣ ኩሽና፣ በረንዳ አላቸው፤ ዋጋቸውም ከተማ ውስጥ ካለው ቤት በጣም ያነሰ ነው። እዚያ የሚኖሩ ሽማግሌዎች ሻይ ቀድተው አስተናግደውናል፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሚተዋወቅ ነው። ጡረታ ወጥቶ ራሱ ሊኖርበት ለሚገዛ ሰው ጥቅም አለው፤ የጡረታ አበል የሚቀበል ሰው ለቦታው ኪራይ ከመንግሥት ድጎማ ሊያገኝ ይችላል። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ጥያቄያችን ስለ እድሩ ገንዘብ ነው።

አባላት ሆይ፤ የሚገዛው ቤቱ ብቻ ነው፤ መሬቱ የፓርኩ ባለቤት ነው። ከ1967ቱ የከተማ ቦታ ዐዋጅ በፊት በባለርስት ቦታ ላይ ቤት ሠርቶ የቦታ ኪራይ ይከፍል ስለነበረ ሰው ከወላጆቻችን ሰምተናል። ይኸም ያው ነው፤ ልዩነቱ አጥሩ መቀባቱ ነው። የቦታው ኪራይ ለምሳሌ በሳምንት 200 ዶላር ቢሆን በዓመት 10,400 ዶላር ይሆናል፤ ምንም ሳይጨምር በዐሥር ዓመት 104,000 ዶላር ማለት ነው። ተከራይ ገባም አልገባም ይከፈላል። ደግሞም ለሌላ ሰው ለማከራየት የፓርኩን አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ አለ። ቤት በዕድሜ ይረክሳል፤ በጊዜ ብዛት ዋጋው የሚወጣው መሬት ነው፤ መሬቱ ደግሞ የእኛ አይደለም። ባንክም በእንዲህ ያለ ቤት ላይ እንደ ሌላው ቤት በቀላሉ አያበድርም፤ ስለዚህ ስንሸጠው ጥሬ ገንዘብ የያዘ ገዢ መጠበቅ ሊኖርብን ነው።

«ተነቃይ ነው፤ ካልተመቸን ነቅለን እንወስደዋለን» ያላችሁ ነበራችሁ። ስሙ ነው እንጂ አንዴ ከተተከለ የሚነቅለው ጥቂት ነው። ከባድ መኪና፣ አዲስ መሠረት፣ የውኃና የመብራት መስመር፣ የካውንስል ፈቃድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባዶ ቦታ ያለው ሌላ ፓርክ ያስፈልጋል። ለባለ ፓርኩ ንግዱ የሚያዋጣውም በዚህ ነው፤ ተከራዩ የራሱን ቤት ጥሎ አይሄድም።

ሕጉ ባዶ እጃችንን አይተወንም። በፈረንጅ 2013 በኒው ሳውዝ ዌልስ የወጣውና ከኅዳር 2015 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ገዢው ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን በፊት የመግለጫ ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል፤ ከፈረመ በኋላም ሐሳቡን ለመለወጥ 14 ቀን አለው። ፓርኩ ይዘጋል ቢባል የ12 ወር ማስታወቂያ አለ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ያው ቤቱን ይዞ መውጣት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ከአባሎቻችን አንዲት እናት፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ፣ እንዲህ ያለውን ቤት ለመሸጥ ወራት ፈጅቶባቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የቦታ ኪራዩ ከኪሳቸው ይወጣ ነበር። ይህን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

የእኛ ሳጥን ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ሲያርፍ ድንኳን፣ ምግብ፣ የቀብር ቦታ፣ ቤተሰቡም ከፈለገ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት መላክ ነው። ይህ ሁሉ በሳምንት ውስጥ ይከፈላል። ሰው እቤት ተኝቶ ገዢ እስኪመጣ ጠብቁ ማለት አንችልም። ወጣቶቹ ግን ያነሣችሁት ነገር ከንቱ አይደለም፤ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ዝም ብሎ መተኛቱ እኛንም አላስደሰተንም።

ስለሆነም ኮሚቴው የሚያቀርበው የሚከተለውን ነው። የእድሩ ገንዘብ አይነካ። በግሉ መግዛት የሚፈልግ ይግዛ፤ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ያምጣልን፤ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሁለት ልጆቻችን አብረውት ሊቀመጡ ቃል ገብተዋል። ወጣቶቹ ያሰቡት የቁጠባ ቡድን ከእድሩ ተለይቶ፣ በራሱ መዝገብና በራሱ ፈራሚዎች፣ ይቋቋም። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በተለመደው አዳራሽ ነው፤ መዋጮ የቀረበት ደረሰኙን ይዞ ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ